ሌጦው ለምን ገዢ አጣ?

ልጅ ሳለሁ የበዓል ቀን በጉ ገና ተበልቶ ሳያልቅ ሌጦ ገዢ ይመጣል። አንዳንዴማ አራጁ ቢላውን ሳይሰበስብ በሩ ይንኳኳል። ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎረምሳ ብቅ ብሎ "ሌጦ አለ?" ይላል። እናቴ ትወጣለች። ክርክር ይጀመራል። እሱ ሌጦውን ገልብጦ ቢላ የነካውን ቦታ በጣቱ ያሳያታል። እሷ "ይቺን ነው ቀዳዳ የምትላት?" ትለዋለች። እሱ ለመሄድ ይነሳል፣ እሷ መልሳ ትጠራዋለች። በመጨረሻ እጇ ላይ የምትገባው ብር እንዲህ በዋዛ የሚታይ አልነበረም። የአራጁ ዋጋ ከዚያው ላይ ይነሳል፣ የተረፈው የሽንኩርቱን ወጪ ይደጉማል። አንዳንድ ቤት ሌጦው የቤት ሠራተኛዋ ድርሻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ይሰጣል።

አሁን ማንም አያንኳኳም። የፋሲካ ወይም የአረፋ ማግስት አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው የሚያየውን ያውቃል። ሌጦ ገንዳ ውስጥ፣ ቱቦ ዳር፣ አጥር ሥር ተጥሎ ይሸታል። ባለፈው እናቴ የሰፈራችንን ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች "በነፃ ውሰዱልኝ" ብላ ብትለምናቸው "እትዬ፣ ለሱማ ጭማሪ አለው" አሏት። ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አስቡት። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የ2021 ጥናት መሠረት ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግና ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከአፍሪካ አንደኛ ነን እያልን ያደግነው በዚሁ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አለን። ጫማ ፋብሪካ አለን። ታዲያ ጥሬ ዕቃው ቆሻሻ የሆነው እንዴት ነው?

ታክሲ ውስጥ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ "መንግሥት ነዋ!" ይባላል። ትንሽ እውነት አለው፣ ግን አይበቃም። ከበጉ እስከ ጓንቱ ያለው መንገድ ብዙ አገር ያቋርጣል። እኛ የያዝነው የመጀመሪያዋን ጫፍ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት የሞከርነውም በአብዛኛው በአዋጅ ነው። ጉዳዩን ባየሁት ቁጥር የሚገባኝ ይኸው ነው። ወደ ላይ ያለው በር ሳይከፈት የታችኛውን በር ዘጋን፣ ወጪውን ደግሞ በጉን ያረዱት ቤቶች ከፈሉት።

ከጥሩው ልጀምር። ባቲና ሰላሌ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቁ ስሞች ናቸው። ወሎ ያለችው ባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ ነው እኛ የምናውቃት። ውጭ አገር ያለ ቆዳ ገዢ ግን "ባቲ ጀኒዩን" ሲባል አንድ ዓይነት የፍየል ሌጦ ነው የሚታየው። "ሰላሌ ጀኒዩን" ሲባል ደግሞ የበግ። የደጋ በጋችን እንደ አውስትራሊያው ባለ ሱፍ አይደለም፣ ባለ ፀጉር ነው። የሱፍ በግ ቆዳ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለና ልል ነው፣ ስብም ይበዛዋል። የኛ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ስስና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ለጓንት ይፈለጋል። የጎልፍ ተጫዋች እጁ ላይ የሚያጠልቃት፣ ሁለተኛ ቆዳ የመሰለች ጓንት አለች አይደል? የሰላሌ በግ የመሆን ዕድሏ ትንሽ አይደለም።

በ1826 የተቋቋመው የእንግሊዙ ቆዳ አምራች ፒታርድስ ከኛ አገር መቶ ዓመት ገደማ ሌጦ ሲገዛ ኖሯል። ኋላ ላይ እንዲያውም ሞጆ አካባቢ ኤጀርሳ ያለውን ቆዳ ፋብሪካ ገዝቶ እዚሁ ጓንት እስከ መስፋት ደርሶ ነበር። ማለትም ዕቃችን ጥሩ መሆኑን ዓለም ያውቃል። ችግሩ ጥሩነቱን ገንዘብ የሚያደርገው ሥራ ሌላ ቦታ መሠራቱ ነው።

ይህንን መንግሥትም አይቶታል። በ2008 በጥሬና በከፊል ባለቀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ። 150 በመቶ ታክስ አይባልም፣ "አትሸጥም" ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ክረስት በሚባለው፣ ማለትም ለፍቶ ማጠናቀቂያው ብቻ በቀረው ቆዳ ላይም ተመሳሳይ ታክስ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥሬው ካልወጣ ፋብሪካዎቹ ወደዱም ጠሉም ያለቀለት ቆዳ፣ ከዚያም ጫማና ቦርሳ ያመርታሉ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2015 ከቆዳ ዘርፍ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር አስቦ ነበር። የተገኘው 130 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ሐሳቡ የጅል ሐሳብ አልነበረም። ህንድ ይኸንኑ አድርጋ ተሳክቶላታል። በ1972 የሲታራማያህ ኮሚቴ የሚባል ተቋቁሞ ጥሬና ከፊል ያለቀ ቆዳ መላክ ይገደብ አለ። ህንድም ገደበች። ዛሬ ያለቀለት ቆዳና ጫማ ከሚልኩት ትልልቆቹ አንዷ ናት። የኛዎቹም ከሷ ለመማር አላፈሩም። አቃቂ ቃሊቲ ያለው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ከህንዱ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ተጣምሮ ሲሠራ ነበር። ህንዶቹ እዚህ መጥተው አስተምረዋል፣ የኛ ልጆችም እዚያ ሄደው ተምረዋል።

ግን ልብ በሉ። ያ የህንድ የምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1948 ነው። ክልከላው ሲመጣ 24 ዓመት ሞልቶት ነበር። ህንድ ኬሚካሏን ራሷ ታመርታለች። አግራና ካንፑር ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጫማ ሙያ አላት። ከሁሉም በላይ የራሷ ሕዝብ ጫማ ይገዛታል። ውጭ ያልተፈለገው ቆዳ አገር ውስጥ እግር ያገኛል። ክልከላው እዚያ ያለውን ነገር ገፋ አደረገው። እኛ ዘንድ ግን የሌለውን እንዲወልድ ነበር የተጠበቀው።

አንድ ጊዜ ሞጆ ያለ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አስገብቶ አሳይቶኛል። ሽታውን አልነግራችሁም። መጀመሪያ ግዙፍ የእንጨት ከበሮዎች ታያላችሁ፤ ሰው ቆሞ የሚገባባቸው ናቸው፣ እየተሽከረከሩ በውስጣቸው ሌጦ ይታጠባል። ኖራ ይገባበታል፣ ፀጉሩ ይለቃል፣ ሥጋው ይፋቃል። ከዚያ ክሮም የሚባለው ኬሚካል ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ዌት ብሉ ይሉታል። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ወፍራም ፎጣ የመሰለ ነገር ነው።

እኔን ያስገረመኝ ከበሮው አይደለም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ነው። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ መስኮት አጠገብ ቆሞ ቆዳ ያገላብጣል። አንዱን ሁለት ሦስት ሰከንድ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ አንዱ ክምር ይወረውረዋል። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እስከ ውድቅ። የአንደኛው ክምር የለም ማለት ይቀላል። የታችኞቹ ግን ወገብ ደርሰዋል። አንዱን አንስቼ ተመለከትኩት። ገጹ ላይ ሽፍታ የመሰሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሞልተውታል። "እከክ ነው" አለኝ ሰውዬው ቀና ሳይል። በጉ በሕይወት እያለ ቅማሉና መዥገር መሰል ተባዩ ሲነድፈው የቀረ ጠባሳ ነው። ፀጉሩ እስካለ አይታይም። የሚታየው ኖራ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ዋጋው ተከፍሏል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ገዢው ጎረምሳ ሌጦውን ሲገዛ እከኩን ማየት አይችልም። ስለዚህ ለሁሉም በጅምላ አንድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። ለሁሉም አንድ ዋጋ ከተከፈለ ደግሞ መንዝ ያለው ገበሬ በጉን ለምን መድኃኒት ያስረጫል? እናቴስ የቀጠረችው አራጅ ቢላውን ትቶ በቡጢ እየገፋ ሌጦውን ለምን ይገፍፋል? ጥንቃቄውን የሚከፍለው የለም። ጎልፍ ተጫዋቹ ለቆዳው ጥራት የሚከፍለው ዶላር ወደ ታች ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። መንዝ አይደርስም። ጥሬውን ወደ ውጭ መላኩ በታክሱ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ገዢው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። የሚወዳደረው ሲያንስ ዋጋውም አነሰ። ታክሱ ለፋብሪካው ርካሽ ጥሬ ዕቃ አስገኝቶለታል ማለት ይቻላል። ርካሹን የሸጠው ግን አርሶ አደሩና እናቴ ናቸው። ይኼን ማንም ድጎማ ብሎ አይጠራውም።

ሌላም አለ፣ ስለሱ ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። የኛ ሌጦ በበዓል ይመጣል፣ በፆም ይጠፋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቄራው ጭር ይላል፣ ከበሮው ሥራ ይፈታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ የትንሣኤ እለት፣ አገሩ ሁሉ ያርዳል። ጥሬ ሌጦ ደግሞ ካረዱት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልነካው መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ ነጋዴው በዚያች እለት ጨው፣ መኪና፣ መጋዘን፣ ከሁሉ በላይ ጥሬ ብር በእጁ ሊኖረው ይገባል። ጣልያን ያለው ገዢ በበኩሉ በየወሩ እኩል መጠን፣ እኩል ጥራት ነው የሚፈልገው። የሚላንን የፋሽን ወቅት ከሁዳዴ ጋር ማስታረቅ ቀላል ሥራ አይደለም። የሚያስታርቀው ገንዘብ ነው፤ ባንክ ለፋብሪካው ካበደረ፣ ፋብሪካው በበዓሉ እለት ብዙ ገዝቶ ቀስ እያለ ያወጣል። ባንኩ እጁን ሲሰበስብ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ በር የሚያንኳኳ ጎረምሳ ነው።

ባንክ ካልን ዘንድ ወደ ዶላሩ እንምጣ። ጨው አገር ውስጥ አለ፣ ከአፋር ይመጣል። ክሮሙ፣ ቀለሙ፣ ማለስለሻ ዘይቱ ግን ከውጭ ነው። ያ ሁሉ በዶላር ይገዛል። ቆዳ ላኪ ዶላር ያመጣል አይደለም እንዴ ችግሩ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። በ2022 መጀመሪያ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ላኪው ካመጣው 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክብ፣ 10 በመቶው ለባንኩ እንዲሄድ አደረገ። ለራሱ የሚቀረው 20 በመቶ ነበር። በዚያች ኬሚካል፣ መለዋወጫና ማሽን ይገዛል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ለቀረው ወረፋ ይይዝ ነበር። ወረፋው ስንት ወር ይፈጅ እንደነበር ዕቃ ያስመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከበሮው ኬሚካል ከሌለው አይዞርም። ከበሮው ካልዞረ ሌጦ አይገዛም። በሐምሌ 2024 ብር ወደ ገበያ ሲለቀቅ ላኪው ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ተፈቀደለት፣ ይኼ ደህና ነው። ግን በዚያው ሳምንታት ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ስላለፈ የኬሚካሉ ዋጋም አብሮ ነጠረ።

የኛን ጣጣ ብቻ አውርቼ ብተው ግን ግማሽ ወሬ ይሆናል። ቆዳ በዓለም ገበያም ክፉ ዘመን ነው የገጠመው። ሰው ስኒከር ማድረግ ጀመረ። ስኒከር አብዛኛው ጨርቅና ፕላስቲክ ነው። የመኪና ወንበር፣ የሴት ቦርሳ፣ ሶፋው ሳይቀር ወደ ሲንተቲክ ዞረ። ከ2014 በኋላ የአሜሪካ የከብት ቆዳ ዋጋ ቁልቁል ወርዶ በ2019 አንዳንድ ቄራዎች ቆዳ ወደ መቅበሪያ ይልኩ እንደነበር ተዘግቧል። አዎ፣ አሜሪካም እንደ ሰፈራችን ገንዳ ሆና ነበር። ልዩነቱ አሜሪካዊው ቄራ የሚኖረው በሥጋው መሆኑ ነው። ፒታርድስም ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ2023 ከሰረ። የሰላሌን ቆዳ አንድ መቶ ዓመት የሚያውቅ ገዢ ነው ያጣነው። እንደዚህ ዓይነት ገዢ በዐውደ ርዕይ አይገኝም።

አሁን ወደ ጫማው። መርካቶ አካባቢ ለብዙ ዓመት ጫማ የሚሠሩ ሽማግሌ አውቃለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤታቸው ጠባብ ናት፣ አራት ሠራተኛ ትይዛለች፣ የማስቲሹ ሽታ በሩ ላይ ይቀበላችኋል። አንድ ቀን የወንድ ጫማ ጨርሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ "ጋሼ፣ ከዚህ ውስጥ የአገራችን የሆነው የቱ ነው?" አልኳቸው። ጥያቄው አስቂኝ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ግን በቁም ነገር ያዙት።

ጫማውን አነሱና ከታች ጀመሩ። "ሶሉ እዚሁ ነው የሚቀልጠው" አሉ። "ግን ጥሬው ፕላስቲክ በከረጢት የሚመጣ ነው።" ማስቲሹ ከውጭ። ክሩ ከውጭ። ውስጡ ያለው ጠንካራ ካርቶን ከውጭ። ገበሩ ሲንተቲክ ነው፣ እሱም ከውጭ። የማሰሪያው ቀዳዳ ላይ ያለችውን ቢጫ ቀለበት በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት። "ይቺን እንኳ አንሠራትም እኮ!" ማሰሪያው? "እሱ አንዳንዴ የአገር ውስጥ ይገኛል።" ቀረ የላዩ ቆዳና የሳቸው እጅ።

ስለ ቆዳው ስጠይቃቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ወጣ። በደጉ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ጥሩ ጥሩውን ለውጭ ይለያሉ። እንደ ጋሼ ላሉት የሚደርሰው ከውጭ ገዢ የተመለሰው፣ ጠባሳ ያለበት ነው። "እኛ ትራፊ ለቃሚ ነበርን" አሉኝ፣ ቅሬታም ሳይመስላቸው። መንግሥት ብድሩን፣ መሬቱን፣ ከቀረጥ ነፃውን ሁሉ የሰጠው ለሚልክ ነው። ማስቲሹ ለውጭ ገበያ ጫማ ከሆነ ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር አለ። የጋሼ ጫማ የሚደረገው አዲስ አበባና ወሊሶ ስለሆነ ያው ማስቲሽ ቀረጥ ይከፈልበታል። ለዶላር ብለን ነው፣ ይገባኛል። ግን ህንድን ህንድ ያደረጋት የአግራው ጋሼ ነበር። የኛውን በር ላይ አቆምነው።

ይህ ሰፈር እኮ አቅም የሌለው አልነበረም። በ2001 አካባቢ የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። መልኩ ያምራል፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ብዙ ወርክሾፕ ተዘጋ። የቀሩት ግን ቻይናውን ፈተው አዩት፤ ዲዛይኑን ገለበጡ፣ ፎርማቸውን ቀየሩ፣ ሶላቸውን አሻሻሉ። የቻይናው ጫማ ቶሎ እንደሚቀደድ ሰው ሲያውቅ ደግሞ ደንበኛው ተመለሰላቸው። ኢኮኖሚስቶች መጥተው አጥንተውታል። ያለ ኮንፈረንስ፣ ያለ ሪባን የተገኘ የኢንዱስትሪ ልማት ነው።

ሪባን የተቆረጠለት ሌላ ቦታ ነበር፣ ዱከም። በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ቻይና ሄደው የጫማ ባለሀብቶችን ጋበዙ። ሁዋጂያን የሚባለው ኩባንያ ወራት ሳይፈጅበት፣ በ2012 መጀመሪያ፣ ዱከም ውስጥ ማምረት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበረው ጀስቲን ሊን ይህን ታሪክ በየመድረኩ ይተርከው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሥራ አገኙ። ይህን ማጣጣል አልፈልግም። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው።

ነገር ግን ፋብሪካው ይሠራ የነበረው ለአሜሪካ ብራንዶች የሴት ጫማ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ደግሞ ብራንዱ ጫማውን ብቻ አያዝም። ቆዳውን ከማን፣ ሶሉን ከማን፣ ዘለበቷን ከማን እንደምትገዛ ጭምር ይነግርሃል። የፈተሻቸው፣ የሚያምናቸው አቅራቢዎች አሉት። አብዛኞቹ እስያ ናቸው። ፋብሪካው ሞጆ ድረስ ሄዶ የሚወደውን ቆዳ የመምረጥ ነፃነቱ ጠባብ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ግብዓት በኮንቴነር ጅቡቲ ይደርሳል፣ ዱከም ይወጣል፣ ይሰፋል፣ በመጣበት ይመለስ ነበር። እኛ የሸጥነው ጉልበት ነው። ሞጆ ከዱከም 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለጫማው ግን ቻይና ያለው ጓንግዶንግ ይቀርበው ነበር።

ሐዋሳም የሆነው ያው ነው። በ2016 የተመረቀው፣ ልብስ የሚሰፋበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቁን በአብዛኛው ከእስያ ያስመጣ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ በዓለም ካሉት ልብስ ሰፊ አገሮች ዝቅተኛው። ጥጥ አብቃይ አገር ነን፣ ግን ጥጡ ወደ ክር፣ ክሩ ወደ ጨርቅ የሚሄድበት መሐሉ ሳስቷል። በጥር 2022 አሜሪካ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከምንገባበት ከአጎዋ ስታስወጣን፣ ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዱ የሆነው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ቀድሞ መውጣቱን ተናግሮ ነበር። ፋብሪካው ከአገሩ ጋር የተያያዘው በልብስ መስፊያ መኪና ብቻ ሲሆን ነቅሎ መሄድ አይከብደውም። ባንግላዴሽ ብትሆን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። እዚያ በ1979 የኮሪያው ኩባንያ ዴዉ 130 የሚሆኑ የባንግላዴሹ ልብስ ፋብሪካ የዴሽ ጋርመንትስ ሠራተኞችን ኮሪያ ወስዶ አሠለጠነ። አብዛኞቹ ኋላ ላይ ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌላውን አደራጁ። ባለቤቱ ዳካ የሚኖር ሰው ሆነ። ዝቅተኛ ደመወዙ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ላይ የተደረመሰው ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ፣ የተቀበረው ሰው ሁሉ አለ፣ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ሙያው ግን ከሰዎቹ ጋር እዚያው ቀረ።

የኛ አገር ሰው ሰንሰለቱን ከላይ ሊይዘው አይችልም ወይ? ይችላል። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 ዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የሚባለውን የጫማ ኩባንያዋን ስትጀምር በረባሶን ነው ያነሳችው። ከጎማ የሚሠራውን፣ አርበኛና ገበሬ ሲያደርገው የኖረውን ጫማ። ለሌላ ብራንድ አልሰፋችም፣ የራሷን ስም ለጠፈችበትና ውጭ አገር ሱቅ እስከ መክፈት ደረሰች። አንድ ጫማ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣበት አራት አምስት እጥፍ ነው። ያ ልዩነት ስሙን ለያዘው ነው የሚሄደው። በአንድ ቤተልሔም ግን 50 ሚሊዮን ፍየል አይነሳም።

እኔን ብትጠይቁኝ ሦስት ነገር እላለሁ። ፋብሪካዎቹ ሊገዙ ያልቻሉትን ሌጦ ቢያንስ ዌት ብሉ አድርጎ መላክ ይፈቀድ። ገንዳ ውስጥ እሴት ሲጨመርበት አላየሁም። ሁለተኛ፣ ሌጦ በደረጃ ይገዛ። ሰብሳቢው በግ የመጣበትን ወረዳ ምልክት አድርጎበት፣ እከክ የሌለበት ወረዳ በሚቀጥለው በዓል የተሻለ ዋጋ ቢያገኝ ገበሬው መድኃኒቱን ራሱ ይፈልገዋል። ሦስተኛው ቀረጡ ነው። ማስቲሹ፣ ክሩና ቀለበቷ ላኪው በሚያስገባበት ሁኔታ ለጋሼም ይግቡለት። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት እግር አለው።

ጋሼ ሰሞኑን የያዙት ትእዛዝ መስከረም ላይ ለሚከፈተው ትምህርት የተማሪ ጥቁር ጫማ ነው። የላዩን አየሁት፣ ሲንተቲክ ነው፣ በጥቅል ከቻይና የመጣ። "ለምን ቆዳ አያደርጉትም?" አልኳቸው። ቆዳ ቢሆን በስንት እንደሚሸጡት፣ ሲንተቲኩን በስንት እንደሚሸጡት ነገሩኝ። ትንሽ አሰብኩና ለልጄ ሲንተቲኩን አዘዝኩ፣ 33 ቁጥር።